ሊጠጣው የመጣውን ቢራ "ተቀጣ" ተብሎ የሚጠጣ ሰው፦ የመጠጥ ጨዋታ ለምን ይጣፍጣል?

ቅዳሜ ማታ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ካሉት ግሮሰሪዎች አንዱ ጋ ጎራ ብትሉ ወይ ደሞ ኮምቦልቻ ወርዳችሁ ድራፍት ቤት በረንዳ ላይ ብትቀመጡ አንድ ጠረጴዛ ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ሲንጫጫ መስማታችሁ አይቀርም። ስድስት ሰባት ሆነው ከአንድ ጀምረው በየተራ እየቆጠሩ ነው፣ ሰባት የደረሰው ቁጥሩን አይጠራም ያጨበጭባል፣ አስራ አራት የሰባት ብዜት ስለሆነ እሱም ላይ እንደዛው፣ አስራ ሰባትም ሰባት ስላለበት እንደዛው፣ ፍጥነቱ እየጨመረ ይሄድና አንዱ ፈዞ "ሀያ አንድ!" ሲል ጠረጴዛው በጩኸት ይነሳል፣ "ተቀጣ! ጠጣ! ጠጣ!"

ነገሩን ረጋ ብላችሁ ስታስቡት ግን ግራ ያጋባል። ሰውዬው ቢራውን ያዘዘው ራሱ ነው፣ ብሩንም እሱ ነው የሚከፍለው፣ ከስራ ወጥቶ በዛ ብርድ እዚህ ድረስ የመጣው ለሱ ነው፣ ታዲያ ያንኑ ቢራ "ቅጣትህ ነው" ተብሎ ሲጠጣ ሁሉም ይስቃል፣ እሱም ይስቃል፣ ከዛ በሚቀጥለው ዙር እንዳይቀጣ ጆሮውን አቁሞ ይቆጥራል። ሊጠጣ መጥቶ እንዳይጠጣ ይታገላል ማለት ነው እኮ! ይሄ ምን አይነት ቅጣት ነው?

እኔ እንደሚገባኝ የጨዋታው ጉልበት ያለው እዚህ ጋ ነው። የመጠጥ ጨዋታ የሚጣፍጠው ቅጣቱ የማያም ቅጣት ስለሆነ ነው። የማያም ቅጣት ሲኖር ሰው ሁሉ ፊት መሳሳት ይቻላል፣ መሳሳት ሲቻል ደሞ ሰው ይፈታል። አልኮሉ ይረዳል ግን እንደምናስበው ያህል አይደለም፣ ወደሱ እመጣለሁ።

መጀመሪያ መሳሳቱን እንየው። እኛ ሀገር ሰው ፊት መሳሳት ውድ ነገር ነው። ገና ልጅ ሆነን ጥቁር ሰሌዳ ጋ ተጠርተን ያልመለስን ቀን ክፍሉ ሙሉ የሳቀብንን እስካሁን የምናስታውስ ስንት ነን? ደሴ ደሞ ከተማዋ ትልቅ ብትሆንም ሰው ይተዋወቃል፣ ሰኞ ገበያ ሰፈር ያደረግኸውን ሆጤ ሰፈር ያሉት ከምሳ በፊት ይሰሙታል፣ ስለዚህ ይሉኝታው ከባድ ነው፣ ሰው አነጋገሩን ይመዝናል፣ አለባበሱን ይመዝናል፣ አሳሳቁን ራሱ ይመዝናል። እና አንድ ጠረጴዛ አለ፣ እዛ ጠረጴዛ ላይ ሰባት ጊዜ ብትሳሳት ሰባት ጊዜ ይሳቅልሃል እንጂ "ይሄ ልጅ ምን ነካው" የሚልህ የለም፣ እንደውም ምንም የማይሳሳተው ነው የሚሰለቸው። አለቃውም ይቀጣል ተላላኪውም ይቀጣል፣ ዶክተሩም ቁጥር ይጠፋዋል። ይሄ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ።

ሁለተኛው ነገር ተራ ነው። ማንኛውንም ጠረጴዛ አስተውሉ፣ ጨዋታ ከሌለ ሁለት ሰው ነው የሚያወራው፣ ሌላው ይሰማል ወይ ስልኩን ይነካካል። በተለይ ሰዎቹ በደንብ የማይተዋወቁ ከሆነ። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ሐምሌ ሲመረቅ ጀምሮ ከየአቅጣጫው ሰው መጥቷል፣ አንዱ ከከሚሴ አንዱ ከወልዲያ አንዱ ከአዲስ አበባ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ይሰራሉ ግን ከሰላምታ አልፈው አያወሩም፣ ደሞዝ የወጣ እለት "ኑ እንጂ አንድ አንድ እንበል" ይባልና ይቀመጣሉ፣ ያኔ የመጀመሪያው ግማሽ ሰአት እንዴት እንደሚያስጨንቅ የገባበት ያቀዋል። "እሺ... ሰላም ነው?" "አለን" "ስራ እንዴት ነው?" "ይመስገነው"... አለቀ። ጨዋታ ሲመጣ ግን ተራ ይመጣል፣ ዝምተኛዋም ልጅ ሰባት ላይ ማጨብጨብ አለባት፣ ማንም "አንቺ ደሞ ምነው ዝም አልሽ" ብሎ ማሸማቀቅ አያስፈልገውም፣ ተራዋ ደረሰ በቃ። አፈ ጮሌውም ተራው እስኪደርስ አፉን ይዘጋል፣ ይሄ ብቻውን ቢራ ያስጋብዛል።

ሶስተኛው አብሮ መሳቅ ነው። ሮቢን ደንባር የሚባል እንግሊዛዊ ሳይንቲስት ከባልደረቦቹ ጋር ሰዎችን አስቂኝ ነገር እያሳየ ከዛ በፊትና በኋላ ህመም ምን ያህል እንደሚችሉ ሲለካ፣ ከልባቸው የሳቁት ሰዎች ህመም የመቻል አቅማቸው ከፍ ብሎ አገኘው፣ እሱ እንደሚለው ሳቅ ሰውነት ውስጥ ኢንዶርፊን የሚባለውን ህመም አስታጋሽ ነገር ስለሚለቅ ነው፣ ይሄ ነገር ሲለቀቅ ደሞ አጠገባችን ያለው ሰው ይቀርበናል። አሁን ቆጠራውን አስቡት፣ በየደቂቃው አንድ ሰው ይሳሳታል፣ በየደቂቃው ሁሉም እኩል በአንድ ነገር ይስቃል። ዝም ብሎ በሚወራበት ጠረጴዛ ቀልድ አዋቂ ካልተገኘ እንዲህ አይነት ሳቅ በሰአት አንዴም አይመጣ ይሆናል፣ ጨዋታው ግን ቀልድ አዋቂ አያስፈልገውም፣ ስህተቱ ራሱ ቀልድ ነው።

እሺ፣ አልኮሉስ? አልኮሉም ስራ አለው፣ መካድ አይቻልም። በፈረንጆቹ 2012 ማይክል ሳየት የሚባል የፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪና ቡድኑ 720 ሰዎችን ሶስት ሶስት አድርገው እርስ በርስ የማይተዋወቁትን ክብ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጧቸው፣ ለአንዳንዱ ቡድን ቮድካ በክራንቤሪ ጁስ፣ ለአንዳንዱ አልኮል ነው ተብሎ አልኮል የሌለው፣ ለአንዳንዱ በግልፅ ጁስ ብቻ ሰጥተው 36 ደቂቃ ቀረፁዋቸው። አልኮል የጠጡት ቡድኖች ውስጥ ሶስቱም በአንድ ጊዜ ከልብ ፈገግ የሚሉበት ቅፅበት በዛ፣ ሶስቱም በየተራ የሚያወሩበትም ጊዜ በዛ። እንግዲህ ልብ በሉ፣ ተራ መያዝና አብሮ መሳቅ፣ ጨዋታው የሚሰራውን ስራ ነው አልኮሉም የሰራው። ሁለቱ ሲደራረቡ ለምን እንደሚግል ይሄ ያስረዳል።

ግን ደሞ ሌላ ጥናት አለ። በፈረንጆቹ 1973 አላን ማርላት የሚባል ሳይኮሎጂስት ከባልደረቦቹ ጋር ለሰዎች መጠጥ አቀረበ፣ ለግማሾቹ ቮድካ በቶኒክ ነው አለ ለግማሾቹ ቶኒክ ብቻ ነው አለ፣ ውስጡ ያለው ግን ከተባለው ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም። ብዙ የጠጡት እነማን ሆነው ተገኙ? ቮድካ ነው የተባሉት፣ ውስጡ ቮድካ ይኑር አይኑር ለውጥ አላመጣም። የመጠጡ ስም ራሱ ሰውን ያንቀሳቅሰዋል ማለት ነው። "ዛሬ እየጠጣን ነው" የሚለው ሀሳብ ፈቃድ ይሰጣል፣ የምትስቀውን አስቀድሞ ያሳስቅሃል።

ይሄን ለማየት ደሞ ላብራቶሪ አያስፈልግም፣ ወሎ መኖር ይበቃል። እኛ ጋ ጠረጴዛው ድብልቅ ነው፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ነው የሚቀመጠው፣ አንድ ቤተሰብ ውስጥ እንኳን ሁለቱም አለ፣ ስለዚህ ስድስት ሰው ከተቀመጠ ሁለቱ አምቦ ውሃ ወይ ማልት ይዘዋል፣ አንዷ ፆም ላይ ነኝ ብላ ሻይ ይዛለች፣ ቤት ውስጥ ከሆነ ደሞ የማያሰክረው የገብስ መጠጥ፣ ቅሪቦ፣ በጆግ ይመጣል። ጨዋታው ግን አንድ ነው። ቅሪቦ የያዘው ሲሳሳት ቅሪቦውን ይጠጣል፣ ጩኸቱም ያው፣ ሳቁም ያው፣ "ወላሂ አልተሳሳትኩም!" ብሎ መከራከሩም ያው። በቃ ምንም የጎደለ ነገር የለም፣ እንደውም ሰአቱ እየገፋ ሲሄድ ቅሪቦ የያዘው ልጅ ቁጥር ስለማይጠፋበት ያሸንፋል፣ ከዛ ዳኛ ይሆናል፣ ከዛ ደሞ አጭበርባሪ ዳኛ ይሆናል። ውጪ ሀገር ያሉ ተመራማሪዎች የጠጣና ያልጠጣ ለመለየት ስንት ይደክማሉ፣ እዚህ በየሳምንቱ በነፃ አለላችሁ።

ይሄ ነገር የዘመኑ ወጣት ፈጠራ ነው የሚሉ አሉ፣ ከፊልምና ከቲክቶክ የመጣ ነው ምናምን። አንዳንዱ ጨዋታ እውነት ከውጭ ነው የመጣው፣ ኳሷን ኩባያ ውስጥ የመክተቱ ጨዋታ ለምሳሌ መነሻው በፈረንጆቹ 1950ዎቹ ዳርትማውዝ የሚባል የአሜሪካ ኮሌጅ ተማሪዎች ጋ ነው ይባላል። ሀሳቡ ግን ሽማግሌ ነው። ከሁለት ሺ አራት መቶ አመት በፊት ግሪኮች ኮታቦስ የሚሉት ጨዋታ ነበራቸው፣ የጠጡት ወይን አተላው ሲቀር ጋደም እንዳሉ አወናጭፈው አንድ ኢላማ ይመቱበታል፣ ሲወረውሩ የሚወዱትን ሰው ስም ይጠራሉ። ወለሉ ምን ሊመስል እንደሚችል አስቡት፣ የሚያፀዳው ሰው ምን ይል ነበር። ቻይና ደሞ በፈረንጆቹ 353 ላይ ዋንግ ሺጂ የሚባል በእጅ ፅሁፉ የታወቀ ሰው ወዳጆቹን ሰብስቦ ወራጅ ውሃ ዳር አስቀመጣቸው፣ ዋንጫ ውሃው ላይ ይለቀቃል፣ ዋንጫው ፊቱ የቆመበት ሰው ግጥም ይገጥማል፣ ካልቻለ ሶስት ዋንጫ ይቀጣል። አስራ ስድስቱ አልቻሉም፣ ተቀጡ።

እኔን በጣም የሚገርመኝ ግን የኮሪያው ነው። በፈረንጆቹ 1975 ግዮንግጁ ከተማ ውስጥ የድሮው የሺላ መንግስት ቤተመንግስት ኩሬ ሲቆፈር አስራ አራት ፊት ያለው የእንጨት ዳይስ ተገኘ፣ እያንዳንዱ ፊቱ ላይ ትእዛዝ ተፅፎበታል። አንዱ "ሶስት ዋንጫ በአንዴ ጠጣ" ይላል። ሌላው ግን "ያለ ሙዚቃ ጨፍር" ነው፣ ሌላው "ሁሉም አፍንጫህን ይምቱህ" ነው፣ ሌላው "ፊትህን ሲኮረኩሩህ ሳትነቃነቅ ቁጭ በል" ነው። (ዳይሱ ራሱ እንዳይበላሽ ሲደርቅ ማድረቂያው ውስጥ ተቃጥሎ ጠፋ፣ አሁን ያለው ቅጂው ነው፣ ያን ቀን ተረኛ የነበረው ሰው የተቀጣው ቅጣት የማያም እንዳልነበር እገምታለሁ።) ነጥቡ ምንድነው፣ የቤተመንግስት ሰዎች ከሺህ አመት በፊት ቅጣቱን መጠጥ ብቻ አላደረጉትም፣ መጨፈርም መዝፈንም መኮርኮርም ጨምረውበታል፣ የሚፈለገው ሰውየው ለአንድ ደቂቃ ሁሉም እያየው ሞኝ እንዲሆን ነው፣ መጠጡ ከብዙ መንገዶች አንዱ ነው።

የኛውስ? እንቆቅልሽን አስታውሱ። "እንቆቅልሽ!" "ምን አውቅልህ!" ይባልና ካልመለስክ "ሀገር ስጠኝ" ትባላለህ፣ እና ሀይቅን ትሰጣለህ፣ አይ አልፈልግም ሲልህ ባቲን ትጨምራለህ፣ አምባሰልን ትመርቃለህ፣ እሱም ሀገሩን ተቀብሎ በግጥም ይሞልጭሃል። የስምንት አመት ልጅ ሀይቅን ከነውሃው ሰጥቶ ያድራል፣ ጠዋት ሀይቅ እዛው አለ። ከዚህ የተሻለ የማያም ቅጣት ማን ፈጠረ? ገና ላይም "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" ይባላል፣ በጨዋታው ሰአት ጌታና ሎሌ እኩል ነው፣ ጌታው ቢመታም አይቆጣም። አዝማሪ ቤት ደሞ "ተቀበል!" ብለህ ግጥም ትሰጣለህ፣ አዝማሪው መልሶ አንተን ይነካሃል፣ ብትቆጣ የሚሳቅብህ አንተ ነህ። ጨዋታው ባለበት ክብ ውስጥ የውጪው ህግ ለጊዜው ይቆማል፣ ይሄን ከማንም አልተማርነውም።

አሁን ወደ ከባዱ ጨዋታ እንምጣ፣ ጥያቄው ጨዋታ። "እውነት ወይስ ድፍረት" አለ፣ "በህይወቴ እንዲህ አድርጌ አላውቅም" የሚባለው ደሞ አለ፣ አንዷ "ፈተና ላይ ኮርጄ አላውቅም" ትላለች፣ የኮረጀ ሁሉ ይጠጣል። ቀላል ይመስላል። ግን እዚህ ጋ መጠጡ አዲስ ስራ ያገኛል፣ የማያናግር መናዘዣ ይሆናል። "አዎ እኔ የድሮ ፍቅረኛዬ ጋ ማታ ማታ እደውላለሁ" ብሎ በአፉ የማይናገር ሰው ብርጭቆውን ብቻ ያነሳል፣ ሁሉም "ኡኡኡ!" ይላል፣ አለቀ። አላወራም እኮ፣ ጠጣ ብቻ፣ ነገ ጠዋት "ኸረ ጠምቶኝ ነው" ማለት ይችላል። ማምለጫ በር አለው፣ በሩ ስላለ ነው የሚገባው።

ምስጢር መለዋወጥ ሰውን እንደሚያቀራርብ ደሞ በደንብ ይታወቃል። በፈረንጆቹ 1997 አርተር አሮን የሚባል ሳይኮሎጂስት የማይተዋወቁ ሰዎችን ሁለት ሁለት አድርጎ እየከበዱ የሚሄዱ 36 ጥያቄዎችን እርስ በርስ አጠያየቃቸው፣ ከአንድ ሰአት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ስለአየሩና ስለኑሮው ብቻ ካወሩት በላይ ተቀራረቡ። ግን እየከበዱ የሚሄዱ መባሉን አትዝለሉት። በመጀመሪያው ዙር ከባዱን ጥያቄ የሚያነሳ ሰው ጨዋታ ገዳይ ነው። እኛ ጋ ደሞ አንድ የማይጠየቅ ነገር አለ፣ በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ማን የት ነበር፣ ማን ምን ሆነ፣ ማን ማንን አጣ። ሰው ይሄን በራሱ ጊዜ ለመረጠው ሰው ያወራዋል፣ ለጨዋታ ግን አይቀርብም፣ ማምለጫ በር የሌለው ጥያቄ ነውና። ጥሩ ጠረጴዛ ላይ ይሄን ማንም ሳይናገረው ሁሉም ያቀዋል፣ እንግዳ ሰው ሳያውቅ ሊነካው ሲል አንዱ "አብሽር፣ እሱን ተወው፣ ሌላ ጠይቅ" ብሎ ያልፈዋል።

እንግዲህ እስካሁን ጥሩ ጥሩውን ነው ያወራሁት። ቅጣቱ ማመም ሲጀምር ምን እንደሚሆን ደሞ እንየው፣ ምክንያቱም ይሄ ጨዋታ በውስጡ አንድ ክፉ ነገር አለው።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። አንድ 330 ሚሊ ሊትር ቢራ 5 በመቶ አልኮል ካለው ውስጡ 13 ግራም ገደማ ንፁህ አልኮል አለ። ጉበት ደሞ በሰአት የሚያጣራው እንደ ሰውዬው ቢለያይም ከ7 እስከ 10 ግራም ገደማ ነው፣ ቡና ብትጠጣ ቀዝቃዛ ውሃ ራስህ ላይ ብታፈስ አይፈጥንም። ስለዚህ አንድ ጠርሙስ ከሰውነት ለመውጣት ከአንድ ሰአት በላይ እስከ ሁለት ሰአት ይፈልጋል። ዝም ብሎ እያወራ የሚጠጣ ሰው ይሄን ሳያውቀው ይጠብቃል፣ ሲጠማው ይጎነጫል ሲሞቀው ይተወዋል። ጨዋታ ላይ ግን ፍጥነቱን የሚወስነው አንተ አይደለህም፣ ሰባት ቁጥር ነው የሚወስነው። በሀያ ደቂቃ ሶስት ጠርሙስ ብትቀጣ 39 ግራም ገባ፣ እሱን ለማውጣት ከአራት እስከ አምስት ሰአት ተኩል። በዛ ላይ የጠጡት ነገር ደም ውስጥ ጣሪያው የሚደርሰው ከጠጡ ከግማሽ ሰአት እስከ አንድ ሰአት ተኩል ባለው ጊዜ ነው፣ "ኸረ ምንም አልሆንኩም ቅዱ" የሚለው ሰውዬ እውነቱን ነው፣ ገና አልደረሰበትም።

ክፉው ነገር ግን ይሄም አይደለም። ጨዋታው የሚፈትነው ትኩረትን ነው፣ ቅጣቱ ደሞ ትኩረትን የሚገድል ነገር ነው። የተሸነፈ ይጠጣል፣ የጠጣ ይፈዛል፣ የፈዘዘ ይሸነፋል፣ የተሸነፈ ይጠጣል። እየዞረ ራሱን ይበላል። ኳስ ላይ አምስት ጎል የገባበት ቡድን እግሩን እየታሰረ የሚቀጥል ቢሆን ማን ያየው ነበር? ስለዚህ ማታውን ሙሉ ቅጣቱ እኩል አይከፋፈልም፣ መጀመሪያ ላይ ሁለት ጊዜ የተሳሳተ አንድ ሰው ላይ ይከመራል፣ ያ ሰው ደሞ ብዙ ጊዜ አዲስ የመጣው ወይ ባዶ ሆዱን የተቀመጠው ወይ ኪሎው ትንሽ የሆነው ነው። ሴቶች ላይ ደሞ ሰውነታቸው ውስጥ ያለው ውሃ በአማካይ ስለሚያንስ ያው ብርጭቆ ይበረታል፣ ይሄ የአቅም ጉዳይ አይደለም፣ የውሃ ጉዳይ ነው። አልኮሉ ደም ውስጥ በፍጥነት ሲጨምር ደሞ አእምሮ ትውስታ መመዝገብ ሊያቆም ይችላል፣ ሰውዬው እያወራ እየሳቀ ነው ግን ጠዋት ምንም የለም።

እኛ አካባቢ ሁለት ነገር ይጨመርበታል። አንደኛው ጨብሲ ነው፣ ከሰአት ጫት ሲቃም ተውሎ ማታ ምርቃናውን ለመስበር መጠጣት። ጫት አነቃቂ ነው፣ ስለዚህ የመጠጡን ድካም ይሸፍነዋል፣ ሰውዬው ንቁ የሆነ ይመስለዋል አልኮሉ ግን ደሙ ውስጥ አለ፣ አልቀነሰም። ሁለተኛው አረቄ ነው። የቢራ ጨዋታ በአረቄ ሲቀየር ህጉ ሳይቀየር ይቀጥላል፣ ያው አንድ ስህተት አንድ መለኪያ፣ ግን የፋብሪካ ቢራ ጠርሙሱ ላይ ፐርሰንቱ ተፅፏል፣ የቤት አረቄ ጥንካሬው ከቤት ቤት ይለያያል፣ ስለዚህ ስንት እንደጠጣህ መቁጠር አትችልም። እኔ በአረቄ ጨዋታ የሚባለውን ነገር አልወደውም፣ በግልፅ ልናገር።

አንድ ሰው ሲጠሩት ካልነቃ፣ አተነፋፈሱ ከዘገየ ወይ ከተቆራረጠ፣ ገላው ከቀዘቀዘ፣ "ተኝቶ ይለቀዋል" አይባልም። በጀርባው አታስተኙት፣ ቢያስመልሰው ሊያንቀው ይችላል፣ በጎኑ አድርጋችሁ ብቻውን ሳትተዉት ወደ ሆስፒታል ነው። "እናቱ ብትሰማስ" የሚለው ነገ ይታሰብበታል።

ሌላው ቅጣቱን የሚያሳምመው ሰው ነው። እኛ ሰው ማስገደድ የፍቅር ምልክት ነው ብለን ነው ያደግነው፣ "በሞቴ"፣ "አፈር ስሆን"፣ "አንዴ ብቻ"። ምግብ ላይ ያምርብናል፣ ጉርሻም ያምርብናል። መጠጥ ጨዋታ ላይ ግን "በሞቴ" ሲጨመርበት ያ ማምለጫ በር ይዘጋል። በተለይ አንድን ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ ልጅቷን፣ ሆን ብለው እየጠበቁ የሚያስጠጡ ሰዎች አሉ፣ እዛ ጋ ጨዋታ የለም፣ ሌላ ነገር ነው ያለው፣ ጠረጴዛው ላይ ያለ ሰው ሁሉ ደሞ ያየዋል፣ አላየሁም ማለት አይሰራም።

ብርም አለ። "የተሸነፈ ሂሳብ ይዝጋ" የሚለው ህግ ሲመጣ ሳቁ እንዴት እንደሚቀየር አስተውላችኋል? ቢራ መቀጣት ማንንም አያምም፣ የስድስት ሰው ሂሳብ መቀጣት ግን የቤት ኪራይ ያልከፈለውን ሰው ያመዋል፣ እና ይሉኝታ ይዞት "እሺ ችግር የለም" ይላል፣ ሳምንት ደሞ "ስራ አለብኝ" ብሎ ይቀራል። ከረንቡላ ቤት ያሉት ይሄን በደንብ ያውቁታል፣ ብር ሲያዝ ጨዋታው ሌላ ፊት ያወጣል።

ጨዋታውን የሚችሉበት ጠረጴዛዎች ምን ያደርጋሉ? መጀመሪያ ጥብስ ወይ ዱለት ያዛሉ፣ ሆድ ውስጥ ምግብ ሲኖር አልኮሉ ቀስ ብሎ ነው የሚገባው። ቅጣቱ ጉንጭ ነው እንጂ ጠርሙስ አይደለም። በተከታታይ ሁለቴ የተቀጣ ሶስተኛውን በውሃ ወይ በሌላ ነገር ይቀየርለታል፣ ያ ራሱን የሚበላ ዙሪያ እንዲሰበር። "አልፌያለሁ" ያለ ለምን አይባልም። ዳኛው የማይጠጣ ሰው ነው፣ ብርጭቆ ውስጥ ምን እንዳለ ማንም አይመረምርም። ከ21 አመት በታች ያለ አይቀመጥም፣ ይሄ እንኳን የጠረጴዛው ህግ ብቻ አይደለም፣ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ለዛ እድሜ አልኮል እንዳይሸጥ ከልክሏል። ከኮምቦልቻ የመጣ ሰው ካለ ደሞ ጨዋታው ሳይጀመር የት እንደሚያድር ይወሰናል፣ የሐረጎን ቁልቁለት በሌሊት በዛ ጠመዝማዛ በዛ ጉም ሞቅ ብሎት የሚወርድ ሰው እንዳይኖር፣ ቁልፉን ዳኛው ይይዘዋል፣ ለከተማው ባጃጅ አለ።

መጠጡን የሚተኩት ቅጣቶች ላይ ደሞ ደሴዎች አይታሙም። ቆሞ በአንቺሆዬ ማንጎራጎር፣ ለአስተናጋጇ የስንኝ ምስጋና መግጠም፣ የመታወቂያ ፎቶውን ማሳየት (ይሄ ይከብዳል)፣ የቀኝ ጎረቤቱን እንደ ሽማግሌ ቆሞ መመረቅና ሁሉም "አሜን" ማለት። አንድ ግሩፕ ደሞ የተቀጣው ሰው እናቱ ጋ ደውሎ በስፒከር "እማዬ እራት አልበላሁም" እንዲል ያደርጉት ነበር፣ ከዛ እናትየው ሩብ ሰአት ስትቆጣ ሁሉም አፉን አፍኖ ይስቃል። ይሄን ቅጣት በኋላ ከህጉ አወጡት፣ አንዷ እናት እንጀራና ወጥ ቋጥራ በባጃጅ ግሮሰሪው ድረስ መጣች።